ከዩ ስትሪት እስከ አናፖሊስ፦ ስለ ወታደርና ስለ ዜጋ የተዘጋጀ የአንድ ቀን ጉብኝት ግምገማ

ታላቁ ልጄ 18 ዓመት በሞላው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ ሴሌክቲቭ ሰርቪስ ከሚባለው የፌደራል መሥሪያ ቤት በስሙ ደብዳቤ መጣለት። በአሜሪካ ሕግ መሠረት ዜጋም ሆነ ቋሚ ነዋሪ ወይም በስደተኝነት የገባ፣ ዕድሜው ከ18 እስከ 25 ዓመት የሆነ ወንድ ሁሉ ስሙ በዚህ መሥሪያ ቤት መዝገብ ላይ መገኘት አለበት፤ የግዳጅ ምልመላ በ1973 ቢቀርም መዝገቡ በ1980 እንደገና ተከፍቶ እስከ ዛሬ አልተዘጋም። ልጄ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ ካነበበ በኋላ «እኔ ለአገሩ ይህን ያህል ዕዳ ካለብኝ፣ አገሩስ ለእኔ ምን አለበት?» ብሎ ጠየቀኝ። በእጄ መልስ ስላልነበረኝ፣ የአሜሪካን የውትድርና ታሪክ ከዲሞክራሲው ጋር አያይዞ ያስጎበኛል የሚል ማስታወቂያ ባየሁ ጊዜ ለሦስት ሰው ቦታ ያዝኩ። ሦስተኛው ሰው በወጣትነታቸው በክብር ዘበኛ ያገለገሉት ጎረቤታችን ናቸው፤ በእኛ ቤት ትንሹም ትልቁም ጋሼ ብሎ ነው የሚጠራቸው።

ይህ ጽሑፍ የዚያ ጉብኝት ግምገማ ነው። ድርጅቱን በስም አልጠራም፤ በአንድ ቅዳሜ ያየሁት ጉድለት የሁልጊዜ ስሙ ሆኖ እንዲቀር አልፈልግምና። በዚያ ላይ ከጎበኘናቸው ቦታዎች አንዱም የመግቢያ ክፍያ ስለማይጠይቅ፣ መኪና ያለው ሰው መንገዱን በራሱ ሊከተለው ይችላል። ለአንድ ሰው 110 ዶላር ከፍለን ያገኘነው እንግዲህ መጓጓዣውን፣ ምሳውንና የአስጎብኚውን አንደበት ነው። የማነሣቸው ቀናትና ዓመታት፣ ለይቼ ካልተናገርኩ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጉዞው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ዋሽንግተን ውስጥ ከዩ ስትሪት ይጀምራል። ሰፈሩን የእኛ ሰው አሳምሮ ያውቀዋል፤ በዚያ አካባቢ እንጀራ በልቶ ቡና ያልጠጣ የዲሲ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። እኔ ራሴ ከሃያ ዓመት በላይ ስመላለስበት፣ ከምግብ ቤቶቹ ጥቂት እርምጃ ርቆ በቬርሞንት አቬኑ ላይ የቆመውን ሐውልት ለሰው አቅጣጫ ስናገር «ሐውልቱ ጋ» ከማለት በቀር ቀርቤ አላየሁትም ነበር። ሐውልቱ በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ በሰሜኑ ወገን ለተሰለፉ ጥቁር ወታደሮች በ1998 የተመረቀ መታሰቢያ ነው። የነሐሱ ቅርጽ የኤድ ሃሚልተን ሥራ ሲሆን፣ በዙሪያው ባሉት ግድግዳዎች ላይ 209,145 ስሞች በየሬጅመንታቸው ተጽፈዋል፤ ጥቁሮቹን ያዘዟቸው ነጭ መኮንኖችም ከቁጥሩ ውስጥ አሉበት።

አስጎብኚያችን በጡረታ የተገለሉ የታሪክ መምህር ናቸው። ድምፃቸው ዝግ ያለ ነው፤ ወረቀት አይዙም፤ ሰው ሲጠይቃቸውም አይቸኩሉም። ከሁሉ በፊት ያስወደዱኝ ግን ንግግራቸውን ስለ ጀግንነት ሳይሆን ስለ ደመወዝ በመጀመራቸው ነው። ነጩ ተራ ወታደር በወር 13 ዶላርና የልብስ አበል ሲያገኝ፣ ጥቁሩ 10 ዶላር ተመድቦለት ከዚያውም ላይ 3 ዶላር ለልብስ ይቆረጥበት ነበር። 54ኛው የማሳቹሴትስ ሬጅመንት በዚህ ምክንያት ጭራሽ ምንም አንቀበልም አለ፤ የማሳቹሴትስ ግዛት ልዩነቱን ከራሱ ካዝና ልሙላላችሁ ባለ ጊዜ እንኳ፣ ነገሩ የሦስትና የስድስት ዶላር ጉዳይ አይደለም ብለው እምቢታቸውን ቀጠሉ። በ3ኛው የደቡብ ካሮላይና ሬጅመንት ደግሞ ሳጅን ዊሊያም ዎከር ጓዶቹን አስከትሎ መሣሪያቸውን በአዛዡ ድንኳን ፊት አስቀመጡ፤ በእኩል ሊከፍለን የተዋዋለ መንግሥት ውሉን ካፈረሰ እኛም ከግዳጅ ነፃ ነን የሚል ነበር ክርክራቸው። ዎከር በአድማ ተከስሶ በየካቲት 29 ቀን 1864 በጥይት ተገደለ። ኮንግረስ ደመወዙን እኩል ያደረገው ከሦስት ወር ተኩል ያህል በኋላ በሰኔ ነው።

ልጄ የጠየቀኝን ጥያቄ ዎከር ከእሱ በፊት ጠይቆታል፤ የመለሰለትም የተኳሾች ጓድ ነበር። አስጎብኚው ግን በዚህ ላይ አልቆሙም። ከባርነት አምልጦ የጥቁሮች መብት ተሟጋች የሆነው ፍሬድሪክ ዳግላስ ጥቁሮች እንዲዘምቱ ሲቀሰቅስ፣ የአገሪቱን የነሐስ ፊደላት የለበሰና በቁልፉ ላይ ንስር ያደረገ ሰው ዜግነት አይገባውም የሚል ኃይል በምድር ላይ አይኖርም ብሎ ይከራከር እንደነበር፣ ሁለት ልጆቹንም በዚያው በ54ኛው እንዳስመዘገበ አስረዱን። ፕሬዚዳንት ሊንከን በበኩሉ በሚያዝያ 11 ቀን 1865 ከዋይት ሐውስ መስኮት ሆኖ ባደረገው ንግግር፣ ቢያንስ በወታደርነት ያገለገሉት ጥቁሮች ድምፅ እንዲሰጡ እንደሚመርጥ ተናገረ። ከሰሚዎቹ መካከል ጆን ዊልክስ ቡዝ ነበረ፤ ከሦስት ቀን በኋላ ሊንከንን በጥይት የመታው እሱ ነው። ጥቁር ወንዶች ድምፅ እንዳይነፈጉ የሚያዝዘው 15ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በ1870 ጸደቀ።

የመጀመሪያው ቅሬታዬ እዚህ ላይ ነው። አስጎብኚው ከ1870 ተነሥተው በአንድ ትንፋሽ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደረሱ። በመካከሉ ደቡቦቹ በምርጫ ግብር፣ በማንበብ ፈተናና በግልጽ ሽብር ያንኑ ድምፅ መልሰው እንደነጠቁ፣ እስከ 1965 የምርጫ መብት ሕግ ድረስም የዎከር የልጅ ልጆች ሳይመርጡ እየዘመቱ እንደኖሩ ካልተነገረ፣ ሰሚው አንድ ጊዜ ደም ከፈሰሰ መብት እንደማይታጠፍ አድርጎ ይረዳዋል። ይህን የምለው በክፋት አይደለም፤ ሰውዬው ያውቁታል፤ የቸኮለው የድርጅቱ ሰዓት ነው።

ወደ ናሽናል ሞል፣ መታሰቢያዎቹ ወደቆሙበት የከተማው ሰፊ ሜዳ፣ ስንሄድ በመኪናው ውስጥ የተነገረን ታሪክ ግን ከሐውልቶቹ አይተናነስም ነበር። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘማቾች በ1945 እንደሚከፈላቸው በ1924 ሕግ ቃል የተገባላቸውን ጉርሻ፣ የኢኮኖሚው ድቀት ሲያስርባቸው ቀድሞ እንዲሰጣቸው ለመጠየቅ በ1932 በሺዎች ሆነው ዋና ከተማው ገቡ፤ ብዙዎቹም ሚስትና ልጅ ይዘው በአናኮስቲያ ወንዝ ዳር ጎጆ ቀለሱ። በሐምሌ 28 ቀን ጄኔራል ዳግላስ ማካርተር ፈረሰኛ፣ ታንክና አስለቃሽ ጋዝ ይዞ ወጣባቸው፤ ፕሬዚዳንት ሁቨር ድልድዩን እንዳይሻገር መልእክት ልከውበት ሳለ ተሻገረ፤ ሰፈሩም በእሳት ነደደ። ኮንግረስ ገንዘቡን በ1936 የፕሬዚዳንት ሩዝቬልትን ተቃውሞ ሽሮ ከፈለ። በ1944 ለተመላሽ ወታደሮች ትምህርትና የቤት ብድር የሰጠው ሕግ፣ ጂ አይ ቢል፣ ከቸርነት ብቻ አልተወለደም፤ አሥራ ስድስት ሚሊዮን ሰው ከጦር ሜዳ ሲመለስ አናኮስቲያ እንዳይደገም የሚለው ፍርሃትም አለበት። ወንዙ ዳር ለመድረስ ከመንገዳችን ብዙም ባያርቅም መኪናው አልወሰደንም፤ እንደ እኔ እንደ እኔ ከምሳው ላይ ግማሽ ሰዓት ቆርጦ እዚያ መቆም ይገባ ነበር።

ስለ ምሳው ካነሣሁ አይቀር፣ ጊዜው ዓቢይ ጾም ስለነበር ቦታ ስንይዝ የጾም ምግብ ይዘጋጅልን ብለን ጽፈን ነበር። የመጣልን እንቁላልና አይብ ያለበት ሳንድዊች ነው። እኔና ጋሼ ሙዝ በልተን ዋልን።

በሞሉ ላይ የመጀመሪያው ማረፊያ በ1995 የተመረቀው የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ ነው። ካባ የደረቡ አሥራ ዘጠኝ የብረት ወታደሮች ሣር መካከል ተበታትነው ይጓዛሉ፤ በአንዱ ወገን ባለው ዝቅተኛ የድንጋይ ጠርዝ ላይ ጦር ወይም የሕክምና ጓድ የላኩ ሃያ ሁለት አገሮች ስም ተቀርጿል። ጋሼ ሐውልቶቹን ትተው በቀጥታ ወደ ጠርዙ ሄደው፣ ጎንበስ ብለው እየቆጠሩ የኢትዮጵያ ስም ላይ ቆሙ። ኮሪያ የዘመቱት የእሳቸው አለቆች ነበሩ። አስጎብኚው ስሙ እዚያ መኖሩን ያውቃሉ፤ ከዚያ ያለፈውን ግን ለጋሼ በመልቀቃቸው አመሰግናቸዋለሁ፤ ብዙ አስጎብኚ ይህን አያደርግም። ጋሼም ቃኘው ሻለቃ በአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር ሥር ከ32ኛው ሬጅመንት ጋር ተሰልፎ እንደተዋጋ፣ ከ120 በላይ ሰው እንደሞተበትና አንድም ምርኮኛ እንዳልተወበት፣ አሥራ አንዱም ተጓዥ እስኪሰማ ድረስ በቀስታ ተረኩ።

አስጎብኚው ያንን ተቀብለው የሰፉት የቀኑ ምርጥ ክፍል ሆነ። በየካቲት 1946 አይዛክ ውዳርድ የተባለ ጥቁር ሳጅን፣ ከሠራዊቱ በተሰናበተ በሰዓታት ውስጥ፣ የደንብ ልብሱን እንደለበሰ፣ በደቡብ ካሮላይና የአንዲት ከተማ የፖሊስ አዛዥ ደብድቦ ሁለት ዓይኑን አጠፋው። ነገሩ የፕሬዚዳንት ትሩማንን ልብ እንደነካ ይነገራል፤ በሐምሌ 26 ቀን 1948 በጦር ኃይሎቹ ውስጥ ዘር፣ ቀለም፣ ሃይማኖትና የትውልድ አገር ሳይለይ እኩል አያያዝ እንዲኖር የሚያዝዘውን ትእዛዝ ፈረሙ። ትእዛዙ ግን ለሁለትና ለሦስት ዓመት ያህል በአብዛኛው ወረቀት ላይ ነበር። ቃኘው በግንቦት 1951 ፑሳን ሲደርስ ጥቁሮች ለብቻቸው የሚመደቡበት 24ኛው ሬጅመንት ገና አልፈረሰም ነበር፤ የፈረሰው በዚያው ዓመት በጥቅምት ነው። ከአዲስ አበባ የሄደው ጥቁር ሻለቃ ከአሜሪካ ሬጅመንት ጎን ሲሰለፍ፣ አሜሪካዊው ጥቁር በራሱ አገር ሠራዊት ውስጥ ገና ከመለየት እየወጣ ነበር ማለት ነው።

ቃኘው ከመድረሱ አንድ ወር ያህል ቀድሞ፣ በሚያዝያ 11 ቀን 1951፣ ያው የአናኮስቲያው ማካርተር የፕሬዚዳንቱን የጦርነት ፖሊሲ በአደባባይ በመቃወሙ ትሩማን ከአዛዥነት ሻሩት። ጄኔራሉን በኒው ዮርክ ሕዝብ ጎዳና ሞልቶ ተቀበለው፤ በኮንግረስ ንግግር አደረገ፤ ሴኔቱ ጉዳዩን መረመረ፤ ፕሬዚዳንቱ በሕዝብ ዘንድ ተጠሉ። ከጦሩ ግን አንድም ሬጅመንት ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1953 ዓ.ም. የታኅሣሥ ግርግር የገዛ ክፍላቸው ቤተ መንግሥቱን ሲይዝ በወጣትነት ያዩት ጋሼ ይህን ከሰሙ በኋላ ጥቂት ዝም ብለው «እንግዲህ ጄኔራሉ ተሻረ፣ ጦሩም በማግሥቱ ቁርሱን በላ ማለት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ለአስጎብኚው ተረጎምኩላቸው። እሳቸውም ሳቁና ለጥያቄው ከዚህ የተሻለ አነጋገር በሠላሳ ዓመት መምህርነታቸው እንዳልሰሙ ተናገሩ።

በ1982 የተሠራው የቬትናም ግድግዳ ከዚያ በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። ከ58,000 የሚበልጡት ስሞች በፊደል ተራ ሳይሆን በሞቱበት ቀን ተራ የተደረደሩ ስለሆኑ፣ አብረው የሞቱ አብረው ይነበባሉ። አስጎብኚው እዚህ ላይ ስለ ራሳቸው ለመጀመሪያና ለመጨረሻ ጊዜ ተናገሩ። በታኅሣሥ 1 ቀን 1969 ምሽት ማን እንደሚዘምት በልደት ቀን በዕጣ ሲለይ፣ የዓመቱ 366 ቀናት በሰማያዊ ብልቃጦች ተደርገው ከአንድ መስታወት ማሰሮ ሲወጡ፣ በመጀመሪያ የወጣው መስከረም 14 ነበር፤ የእሳቸው የልደት ቀን ብዙም ሳይቆይ ተከተለ። ቬትናም የሄዱት በ20 ዓመታቸው ነው፤ የመምረጫ ዕድሜ ግን በዚያን ጊዜ 21 ነበር። የሚያዘምታቸውን ሰው የመምረጥም የመሻርም መብት ሳይኖራቸው ዘምተው ተመለሱ። ለመዋጋት የደረሰ ለመምረጥም ይደርሳል የሚለው ክርክር የግዳጅ ዕድሜ ወደ 18 ዝቅ ካለበት ከ1942 ጀምሮ ሲሰማ ኖሮ፣ የመምረጫን ዕድሜ 18 ያደረገው 26ኛው ማሻሻያ የጸደቀው በሐምሌ 1 ቀን 1971 ነው። ከመኪናው ከወረድን ጀምሮ ስልኩን ሲነካካ የዋለው ልጄ ስልኩን ኪሱ ከቶ ስንት ቁጥር እንደወጣላቸው ጠየቃቸው። ነገሩት፤ እኔ እዚህ አልጽፈውም።

ሆኖም ይህም ማረፊያ ጎዶሎ ነበር፤ ያልዘመቱት አልተነሡምና። ገንዘብና ኮሌጅ ያለው ወጣት በትምህርት ምክንያት እየተራዘመለት ድሀው እንደሄደ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ሰማን። ሕሊናዬ አይፈቅድም ብለው እምቢ ያሉትንና እስር የተፈረደባቸውን ጨርሶ አልሰማንም። መሐመድ ዓሊ በሚያዝያ 1967 ሂውስተን ላይ ስሙ ሲጠራ ወደፊት አልራመድም ብሎ የቡጢ ዘውዱን ተነጠቀ፤ አምስት ዓመት እስራት ተፈረደበት፤ በሰኔ 28 ቀን 1971 ግን የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሙሉ ድምፅ ፍርዱን ሻረለት። መንግሥት በጦርነት መካከል ሳለ የእምቢተኛን አቤቱታ ሰምቶ ያንኑ መንግሥት የሚረታ ፍርድ ቤት ያለው አገር መሆኑ፣ ከማንኛውም የብረት ሐውልት ይልቅ ስለ ርእሱ ይናገር ነበር።

ከሰዓት በኋላ ከዋሽንግተን ወደ ደቡብ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ፎርት ቤልቮር፣ ቨርጂኒያ ወደሚገኘው የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ብሔራዊ ሙዚየም ደረስን። ሙዚየሙ በኅዳር 11 ቀን 2020 ተከፍቶ በወረርሽኙ ምክንያት ከአንድ ወር ያህል በኋላ ተዘጋ፤ በሰኔ 14 ቀን 2021 እንደገና በሩን ከፈተ። ከገና በዓል በቀር በየቀኑ ከጠዋቱ 3 እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ክፍት ነው፤ መኪና ማቆሚያውም ነፃ ነው። ስለዚህ ስፍራ ያለኝ አስተያየት ሙሉ በሙሉ በጎ ነው። ከመግቢያው ጀምሮ እንደ ዓምድ የቆሙ የብረት ሰሌዳዎች እያንዳንዳቸው የአንድ ወታደርን ታሪክ ፊቱን አሳይተው ይናገራሉ፤ ብረቱ እንደ መስታወት ስለሚያበራ አንባቢው የራሱንም ፊት አብሮ ያያል። ከዚያ በኋላ ክፍሎቹ ከነፃነት ጦርነቱ እስከ ቅርቡ ዘመን በተራ ይሄዳሉ። በታኅሣሥ 1944 ወደተከበበችው የቤልጅየም ከተማ ባስቶኝ ሰብሮ በመግባት ቀዳሚ የነበረው ኮብራ ኪንግ የተባለው ታንክ ከነአካሉ እዚያ አለ፤ በኖርማንዲ ማረፊያ ላይ ከዋሉትና እስከ ዛሬ ከተረፉት ጥቂት ጀልባዎች አንዱም አለ። ልጆች ያሏቸው ሰዎች ለእነሱ የተዘጋጀውን ክፍል ይወዱታል።

ለእኛ ጉዳይ ግን ከታንኩ ይልቅ የሚበልጠው ስለ ሠራዊቱና ስለ ኅብረተሰቡ ግንኙነት የተዘጋጀው ክፍል ነበር። አስጎብኚው እዚያ ቆመው ስለ 442ኛው ሬጅመንት ነገሩን፤ በ1942 መንግሥት ወላጆቻቸውን ከቤት አስወጥቶ በሽቦ በታጠረ ካምፕ ያጎራቸው የጃፓን ዝርያ ያላቸው አሜሪካውያን፣ አንዳንዶቹ ከዚያው ካምፕ ውስጥ ተመዝግበው ጣሊያንና ፈረንሳይ ሄደው ተዋጉ። ስለ ጂ አይ ቢልም ከመኪናው የቀረውን እዚህ ጨረሱት። ሚሊዮኖች ኮሌጅ ገቡበት፤ ቤት ሠሩበት፤ አፈጻጸሙ በየአካባቢው ሰዎች እጅ ስለተተወ ግን በ1947 ሚሲሲፒ ውስጥ ዋስትና ከተሰጣቸው 3,229 ብድሮች ለጥቁር ዘማቾች የደረሱት ሁለት ብቻ ነበሩ። ሁለት። ጋሼ ቁጥሩን እንድደግምላቸው ጠየቁኝ።

እንዲህ ያለውን ስፍራ ለማየት ድርጅቱ የሰጠን ሰባ አምስት ደቂቃ ነው። ቢያንስ ሦስት ሰዓት ይገባው ነበር፤ በአንድ ቀን ሁሉን አሳያለሁ የሚል ጉብኝት ዕጣው ይኸው ነው። ከሜዳሊያ ተሸላሚዎቹ ክፍል በር ላይ ተጠርተን ወጣን።

በመመለሻው ላይ አስጎብኚው ከተጓዦቹ መካከል ዛሬ በሠራዊቱ ውስጥ የቅርብ ዘመድ ያለው እጁን እንዲያነሣ ጠየቁ። ከአሥራ አንዳችን እጁን ያነሣ እኔና አንዲት ከኤል ሳልቫዶር የመጡ እናት ብቻ ነበርን። ግዳጅ ቀርቶ ሠራዊቱ የበጎ ፈቃደኞች ከሆነ ወዲህ በመደበኛነት የሚያገለግለው ከሕዝቡ አንድ ከመቶ አይሞላም፤ ጦርነትን የሚወስነው ሕዝብና የሚዋጋው ሕዝብ በየራሱ ሰፈር ይኖራል። የእህቴ ልጅ የገባው ከ2009 እስከ 2016 በነበረው፣ ሠራዊቱ የሚፈልጋቸውን ቋንቋዎች ለሚያውቁ የውጭ ዜጎች በተከፈተው በር ነው፤ አማርኛም ከቋንቋዎቹ ዝርዝር ውስጥ ነበረች። ዜግነቱን በፍጥነት አገኘ። ዳግላስ የተናገረለት ውል በእኛ ዘመን በእኛ ቤት ሲፈጸም አይቻለሁ ማለት ነው፤ ደስታዬ ግን ሙሉ አልነበረም፤ ተወልደው ዜግነቱን በእጃቸው ያገኙት ተጓዦች እጃቸውን አላነሡምና።

ድርጅቱን በጥቅሉ ስመዝነው፣ ለአስጎብኚው ብቻ ቢሆን 110 ዶላሩ አይቆጨኝም። መኪናው ንጹሕ ነው፤ ለአረጋውያን መውጫ ደረጃው ከፍ ይላል፤ በሞሉ ላይ ያለው እግር ጉዞ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል መሆኑን አስቀድሞ መንገር ነበረባቸው። ዋናው ነቀፌታዬ ግን ስለ ሠራዊቱ ሲነገረን ዋለና ሠራዊቱን ስለሚያዝዘው ወገን እምብዛም ያልተነገረን መሆኑ ነው። ሕገ መንግሥቱ ጦር የማቋቋምን ሥልጣን ለኮንግረስ ሰጥቶ፣ ለምድር ጦሩ የሚመደብ ገንዘብ ከሁለት ዓመት በላይ እንዳይዘልቅ ይከለክላል፤ የሕዝብ ተወካይ በየሁለት ዓመቱ ምርጫ ፊት ስለሚቀርብ፣ ጦሩም በዚያው ልክ ዳግመኛ ይፈቀዳል ማለት ነው። መኮንኑ ሲሾም የሚምለውም ለሕገ መንግሥቱ እንጂ ለፕሬዚዳንቱ አይደለም። ይህን ለልጄ የነገርኩት እኔ ነኝ፤ በመኪናው የኋላ ወንበር ላይ፤ ያም ለዜግነት ፈተና ያጠናሁት ስላልጠፋኝ ነው።

ስለዚህ ጉድለቱን ለመሙላት በሚቀጥለው ቅዳሜ ሦስታችን በራሳችን መኪና ወደ አናፖሊስ፣ ሜሪላንድ ሄድን። ጉብኝቱን በራሱ ለማድረግ የሚያስብ አንባቢ ከዚህ ቢጀምር እመክራለሁ። የግዛቱ ምክር ቤት ሕንፃ መግቢያው ነፃ ነው፤ ፎቶ ያለው መታወቂያ ግን ይጠይቃሉ። በመሬቱ ፎቅ ካለው አሮጌ የሴኔት አዳራሽ ውስጥ ነው ጆርጅ ዋሽንግተን በታኅሣሥ 23 ቀን 1783 የጦር አዛዥነት ሥልጣኑን ለኮንግረስ የመለሰው። በዚያው ዓመት በመጋቢት ደመወዝ ያልተከፈላቸው መኮንኖች ኒውበርግ ላይ በኮንግረስ ላይ ሲያጉረመርሙ፣ ዋሽንግተን ፊታቸው ቆሞ ደብዳቤ ሊያነብ መነጽሩን ሲያወጣ፣ በአገልግሎት ፀጉሬ ሸብቶ አሁን ደግሞ ዓይኔ ሊጠፋ ነው ብሏቸው ልባቸውን ካበረደ ገና ከዘጠኝ ወር ብዙም አላለፈውም ነበር። ንግግሩን በገዛ እጁ የጻፈበት ወረቀት በሕንፃው ውስጥ ለሕዝብ ይታያል።

በአዳራሹ ውስጥ የነሐስ ዋሽንግተን ቆሟል። የዕለቱ ሥርዓት አስቀድሞ በጥንቃቄ ተወስኖ ነበር፦ ተወካዮቹ ሃያ ያህል ብቻ ነበሩ፤ ባርኔጣቸውን እንዳደረጉ ተቀምጠው ይቆያሉ፤ ጄኔራሉ ቆሞ እጅ ይነሣል፤ እነሱ ባርኔጣቸውን ነካ ያደርጋሉ እንጂ አይሰግዱለትም። የኮንግረሱ ሊቀ መንበር ቶማስ ሚፍሊንም በጦርነቱ ጊዜ ከዋሽንግተን ነቃፊዎች አንዱ የነበረ ሰው ነው። ጋሼ እንደገቡ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ እንደ ድሮው ተረከዛቸውን ገጥመው ከሐውልቱ ፊት ቆመው ነበር። ልጄ ሰሌዳውን አንብቦ ይህን ሥርዓት ሲተረጉምላቸው በጥሞና ሰሙትና፣ ባርኔጣቸውን መልሰው አጠለቁ፤ ከዚያም ወደ ኋላ ሄደው ግድግዳው ሥር ካለው ወንበር ላይ ተቀመጡ።